በአንድ ተቃውሞ

ጋሽ አድማሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከዳይሬክተሩ አፍ ነው። ቢሮው አስጠርቶኝ ሻዩን እያማሰለ፣ "አድማሱ አረፈ። አንተ ብዕርህ ጥሩ ነው፤ የሕይወት ታሪኩን በግማሽ ገጽ ጻፍልኝ፣ ቀብሩ ላይ እኔ አነበዋለሁ" አለኝ። ጻፍኩለት። "ለሥራቸው ታማኝ፣ በባልደረቦቻቸው ዘንድ የተወደዱ" የሚለውን እሱ ራሱ ነው ያስገባው። እኔ "በኮምፒዩተር ክፍል ለስምንት ዓመት አገልግለዋል" ያልኩትን ግን ሰርዞ "በልዩ ልዩ የሥራ ክፍሎች" አደረገው። ቀብሩ ላይ ድምፁን አለስልሶ ሲያነብ፣ መሐረብ አውጥቶ ደረቅ ዓይኑን ሲነካካ፣ ከጎኑ ቆሜ ጃንጥላ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። አላለቀስኩም።

በፊቱ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን አንቱታውን አልሰጠውም፤ ቢያንስ ወረቀት ላይ እፎይ ልበል። ስሙን አልጠራም፣ የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ፣ በክረምት ትምህርታቸውን የሚያሻሽሉ የገጠር መምህራንን እየመዘገበ ወደ ሥልጠና የሚልክ ጽሕፈት ቤት ነው ብል ይበቃል። እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እዚህ የምጽፈው ያ ግማሽ ገጽ ያልያዘውን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ፤ እውነታችሁን ነው።

ጋሽ አድማሱ የሸዋ ቤንች ሰው ናቸው። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ቴፒ አካባቢ በአንድ የቡና እርሻ ቀይ ቡና የሚፈለፍለውን ማሽን ያንቀሳቅሱ ነበር። ኮምፒዩተር የተማሩት አርባን ካለፉ በኋላ፣ መዝገበ ቃላት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። አማርኛውም ቢሆን ተምረውት እንጂ አፍ ፈትተውበት አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ረጅም ንግግር የማይወዱት። ስብሰባ ላይ ሲነሱ የአነጋገራቸውን ዜማ እየሰማ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ያ ሳቅ ዛሬም ያስጠላኛል። አንዳንድ ቀን እኔም ስቄያለሁ።

የሚዛን ዝናብ ለማንም አያዝንምና ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በቦት ጫማ ነው የሚመጡት። ሰርቨሩ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒዩተሮች የሚገናኙበት ዋናው ማሽን፣ ያለበት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቦቱን አውልቀው በካልሲ ይገባሉ። የቡና ቅጠል ሻይ በፔርሙዝ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አንድም ቀን ጎርሰው አያውቁም። መጀመሪያ የሚያደርጉት የቀኝ እጃቸውን ጀርባ ማሽኑ ላይ ማሳረፍ ነው፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታየው። ከዚያ ወይ "ደህና አድሯል" ይላሉ፣ ወይ ዝም ብለው የጀርባውን አቧራ መጥረግ ይጀምራሉ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ ከአፋቸው አይጠፋም። "ማሽን ይሉኝታ የለውም" ይላሉ። "ሰው እንግዳ ቢበዛበት እየሳቀ ይችላል። ማሽን አይስቅልህም። ይቆማል።"

ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በገባ ሰሞን ዳይሬክተሩ ዕቃ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይያዝ ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ግድግዳ በወረቀት ሲለጥፍ ከረመ። ሰርቨሩ ላይ "ቦታዬ እዚህ ነው" የሚል ለጠፈበት፤ ያውም አየር በሚያስወጣበት ወንፊት ላይ። ለጋሽ አድማሱ ቦት ጫማም በኖራ ክብ አሠመረለት። ጋሽ አድማሱ ወረቀቱን ከወንፊቱ ላይ ቀስ ብለው ላጡና ከጎን ለጠፉት። ቦት ጫማቸውንም ክቡ ውስጥ አስቀመጡ። በዚህ እንኳ ተገምግመዋል፤ ወረቀቱን አለቦታው አዛውረዋል ተብለው። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው ምዝገባው በኮምፒዩተር ይሁን ሲባል ነው። ከዚያ በፊት መምህራኑ በእጅ ነበር የሚመዘገቡት። ከአዲስ አበባ አንድ አማካሪ መጣና ፒ ኤች ፒ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጫነ። ፕሮግራሙ ክፉ አልነበረም። ክፉው የሚሠራበት መንገድ ነው። አማካሪው በቀላሉ የሚጫነውን መርጦ ፕሮግራሙን ከዌብ ሰርቨሩ፣ ማለትም የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ከሚያደርሰው፣ ሆድ ውስጥ ከቶት ሄደ። ዳይሬክተሩ ብቻውን ቢሮው ተቀምጦ ሲነካው ብልጭ ብሎ ተከፈተለት፤ በዚያው ፍቅር ያዘው።

ጋሽ አድማሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ መጽሐፋቸውን ሲያገላብጡ ከርመው አንድ የገበያ ቀን፣ "ና፣ ምሳ እንብላ። አንድ ነገር ላሳይህ" አሉኝ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ገባን። ሰው ጢም ብሏል።

"አስተናጋጇን እያት" አሉኝ። "እሷ ዌብ ሰርቨር ናት። ሰው ይመጣል፣ ትሰማለች፣ ታደርሳለች። ውሃ ላለ ውሃ ትሰጣለች፤ ወጥ ቤት አትሄድም። ጥብስ ላለ ግን ወጥ ቤት ትናገራለች። ወጥ ቤት ያለችው ፒ ኤች ፒ ናት። ገባህ?"

"ገባኝ፣ ጋሼ።"

"አማካሪው ምን አደረገ? ለእያንዳንዷ አስተናጋጅ ምድጃ አሸከማት። ውሃ ልትሰጥ ስትሄድም ምድጃዋን ተሸክማ ነው። አንድ ሰው ሲመጣ ፈጣን ናት፤ እዚያው ትጠብስለታለች። መቶ ሰው ሲመጣስ?"

"መቶ ምድጃ።"

"ቤቱ ይችላል?"

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። አይችልም።

"ሌላ መንገድ አለ፤ የድሮ ነው" አሉ። "ሰው በመጣ ቁጥር ወጥ ሠሪ ትቀጥራለህ። አንድ ሳህን ትሠራለች። ታሰናብታታለህ። ለሚቀጥለው ሰው ሌላ ትቀጥራለህ።"

ሳቅኩ።

"አትሳቅ። ብዙ ዘመን ተሠርቶበታል። ግን ሰው ሲበዛ መቅጠርና ማሰናበቱ ራሱ ያደክማል።" ከዚያ ጣታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ ቀሰሩ። "እኔ የምለው ይሄን ነው። ወጥ ቤቱ ለብቻው ይሁን። አሥራ ሁለት ወጥ ሠሪ። ከዚያ በላይ ማሽናችን አይችልም፤ ሜሞሪውን ለክቼዋለሁ። አሥራ ሦስተኛው ሰው ይጠብቃል። ይጠብቁ የሚል ገጽ ይወጣለታል፤ ያ ገጽ ውሃ ነው፣ ወጥ ቤት አያስኬድም። ከወጥ ሠሪዎቹ አንዷ እጇ ቢቃጠል ሌሎቹ ይሠራሉ። አስተናጋጇም አብራት አትወድቅም።"

"መጠበቁን ሰው ይጠላዋል፣ ጋሼ።"

"ሰው ይጠላል። ማሽኑ ይድናል። ማሽኑ ከዳነ ሰውየውም ይመዘገባል።"

ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ሁለቱንም መንገድ በአዳራሹ ሠላሳ ኮምፒዩተሮች ሞከርናቸው፤ የጎረቤት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ለምነን አስቀምጠን። በአማካሪው መንገድ ግማሹ ሰው ገና መጻፍ ሲጀምር ማሽኑ ሜሞሪው አልቆ ድርቅ አለ። ጠፍቶ እስኪነሳ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። በጋሽ አድማሱ መንገድ አንዳንዱ ሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ጠበቀ፤ ሁሉም ግን ተመዘገበ። ይህን በዓይኔ አየሁ። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያየሁት።

ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ ምራቄ ይመረኛል። ጋሽ አድማሱ መንገዱ ይለወጥ ብለው የሙያ ጉዳይ መሆኑን ሲነግሩት ዳይሬክተሩ "በዴሞክራሲያዊ መንገድ እንወስናለን" አለ። ገንዘብ ያዧ፣ የሰው ሀብቱ፣ ሹፌሩ፣ ዘበኛው ሳይቀር አሥራ ሁለት ሰው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ፒ ኤች ፒ በየትኛው መንገድ ይሂድ በሚል አጀንዳ። ከዚያ ቤት ውስጥ ነገሩን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ተነስተው በአጭሩ ተናገሩ፤ አንዳንዱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

"ወረፋ!" አለ ዳይሬክተሩ። "ከወረፋ ሕዝቡን ለማላቀቅ ኮምፒዩተር ገዛን፤ አድማሱ ወረፋውን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባልን!" አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተም ባለሙያ ነህ። ምን ትላለህ?"

ያኔ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። ቋሚ የሚያደርገኝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ፊርማውን እየጠበቀ ነበር። ጋሽ አድማሱ አዩኝ። ምንም አላስጨነቁኝም፤ ብቻ አዩኝ።

"ሁለቱም ይሠራሉ" አልኩ።

አሁን ሳስበው እንኳ ያን አፌን በበረኪና ማጠብ ያምረኛል። ሁለቱም ይሠራሉ! "የአማካሪውን መንገድ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" ተባለ። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። አንደኛው የኔ ነበር። ዘበኛው እንኳ ወደ ጋሽ አድማሱ እያየ አመንትቶ ነው ያነሳው፤ እኔ ግን ቀድሜ አነሳሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ "በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ ጻፍኩ። እጄ ያን ሐረግ በደንብ ያውቀዋል፤ ጋሽ አድማሱ ባሉበት ስብሰባ ሁሉ የምጽፈው እሱኑ ነበር።

ምዝገባው ሁለት ቀን ነበር፤ ሰኞና ማክሰኞ። ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ስሙ ሰርቨሩ ውስጥ ያልገባ መምህር እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል። ከዲማ፣ ከማጂ፣ ከማሻ፣ ከቴፒ የመጣው መምህር ጭቃውን እያራገፈ አዳራሹን ሞላው። መሀላቸው አስቴር የምትባል ከማሻ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች መምህርት ነበረች፤ ልጇን አዝላለች። ይህ የመጨረሻ ክረምቷ ነው። ከጨረሰች ዲፕሎማዋን ይዛ ባለቤቷ ወደሚያስተምርበት ሸዋ ቤንች ትዛወራለች፤ ካልጨረሰች ልጇን ይዛ ሌላ ዓመት ብቻዋን ትከርማለች። ይህን የማውቀው ወረፋ ስትጠብቅ ለጋሽ አድማሱ ስትነግራቸው ቆሜ ስለሰማሁ ነው። ከጎደሬያቸው ቆርሰው ሰጧት።

ሰኞ ማሽኑ ስድስት ጊዜ ቆመ። በቆመ ቁጥር ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጥቶ "አጥፍታችሁ አብሩት!" ይላል፤ ባጠፋነው ቁጥር ተሞልቶ ያላለቀ ቅጽ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። አስቴር ሁለት ጊዜ ሞልታ ሁለት ጊዜ ጠፋባት። ሲመሽ የተመዘገበው ከሩብ አይበልጥም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ አድማሱ ማንንም አላስፈቀዱም። በካልሲያቸው ገብተው፣ እጃቸውን ማሽኑ ጀርባ ላይ አሳርፈው፣ ተቀመጡና ወደ ራሳቸው መንገድ ለወጡት። አሥራ ሁለት ወጥ ሠሪ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሽኑ አንዴም አልቆመም። ሰው ይጠብቃል፣ ተራው ይደርሳል፣ ይመዘገባል፣ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። አዳራሹ እየሳሳ መጣ። እስከ ስምንት ሰዓት ስልሳ ሦስት ሰው ብቻ ቀረ። አስቴር አርባ አንደኛ ነበረች።

በስምንት ሰዓት ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ እየመራ አስገብቶ አንዱን አለቃ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጠው። ስክሪኑ ላይ "እባክዎ ጥቂት ይጠብቁ፤ ተራዎ ይደርሳል" የሚል ወጣ። ሰውዬው ሳቀና፣ "ኮምፒዩተርም ወረፋ አለው እንዴ?" አለ። ቀልዱን ነው። ወዲያው ረሳው፣ ወጥቶም ሄደ። የዳይሬክተሩ ፊት ግን እንደ በርበሬ ቀላ።

እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ "ማነው የነካው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ አድማሱ።

"በማን ፈቃድ? ቃለ ጉባኤ አለ! በድምፅ የተወሰነ ነው! አሁኑኑ ወደ ነበረበት መልስ!"

"ስልሳ ሦስት ሰው ቀርቷል። በአንድ ሰዓት ያልቃል። ከዚያ እመልሳለሁ።"

"አሁን ነው ያልኩህ!"

"አሁን የኔ እጅ አይነካውም" አሉ ጋሽ አድማሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህኛው ግን ሞኝ አልነበረም፤ ሞኝ ቢሆን ባዘንኩለት። ሰዉ መመዝገቡን ያውቃል። የተደፈረው ግን ቃለ ጉባኤው ነው፤ የተሳቀበትም እሱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ትችላለህ?" አለኝ።

"እችላለሁ" አልኩ።

ቻልኩ። አራት መስመር ነው የሚለወጠው። ጋሽ አድማሱ በሩ ላይ በካልሲያቸው ቆመው እያዩኝ ለወጥኩት። ሥራዬን ስጨርስ፣ "አንተ ልጅ፣ ደጅ ያለውን ሰው አይተኸዋል?" አሉኝ። ቦት ጫማቸውን ተጫምተው ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ቆመ። አበራነው፣ ቆመ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ ምናምን መምህር ቁጥሩን እንደያዘ በሩ ተዘጋ። አስቴር ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ኮምፒዩተሩን ታየው ነበር።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። የተገመገሙት አማካሪው አይደለም፣ ዳይሬክተሩም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። "ያለ ሥልጣኑ ሲስተም በመንካት ምዝገባውን ያስተጓጎለ" ተብለው ጋሽ አድማሱ ናቸው። ግለ ሂስ ያድርጉ ተባሉ። ተነሱ።

"ጥፋት አለብኝ" አሉ። "ሰኞ ጠዋት መለወጥ ነበረብኝ። እስከ ማክሰኞ ጠበቅኩ። ሌላ የለኝም።" ተቀመጡ።

"ይሄ ትዕቢት ነው እንጂ ግለ ሂስ አይደለም!" ብሎ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ መታ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ፣ "ጥፋታቸውን አምነዋል በል" አለኝ። ጻፍኩ። "ሠራተኛው ጥፋታቸውን አምነዋል።" ከዚያ ወደ መጋዘን ይዛወሩ ለሚለው ድምፅ ተሰጠ፤ እጄን አወጣሁ፤ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ተቃውሞው የራሳቸው ነበር። ቃለ ጉባኤውን ፈርሜ፣ ማህተም አስመትቼ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። በወሩ ቋሚ ሆንኩ።

መጋዘኑ ከግቢው ጀርባ፣ የተሰበረ ወንበርና የሻገተ ወረቀት የሚከማችበት ቤት ነው። እዚያም በር ላይ ቦት ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚገቡት። ሳገኛቸው ሌላ ነገር አይጠይቁኝም። "ማሽኑ እንዴት ነው?" ይላሉ። "ደህና ነው" እላለሁ። ቢሰድቡኝ ምን አለበት እያልኩ እመኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሰደቡኝም።

የባሰውን ልንገራችሁ። የሚቀጥለው ክረምት ሲቃረብ ፍርሃት ያዘኝ፤ አሁን ማሽኑ ቢቆም ተጠያቂው እኔ ነኛ! ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ መጋዘን ሄድኩ። "ጋሼ፣ እባክዎ ያቺን ነገር እንዴት ነበር ያደረጓት?" አልኳቸው። አንዱን የተሰበረ ወንበር በእግራቸው ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ። በወንበር መቁጠሪያ ቅጽ ጀርባ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሩ ጽሕፈት ጻፉልኝ፤ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር፣ ለምን አሥራ ሁለት። "ካልገባህ ነገም ና" አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨመርኩ። "ይጠብቁ" የሚለውን አጥፍቼ በምትኩ የቡና ተክል ፎቶ አስገባሁና "እንኳን ደህና መጡ" አልኩበት። ያው ወረፋ ነው፤ ወረፋ መሆኑን ግን ማንም አላወቀም። ምዝገባው ያለ እንከን አለቀ። ዳይሬክተሩ በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ የአማካሪው ሲስተም በመጨረሻ መስመር ያዘ ብሎ አስጨበጨበ፤ ለእኔም የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ተቀበልኩ። አጎንብሼ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ጋሽ አድማሱን አገኘኋቸው። ስለ ወረቀቱ ሰምተዋል። "ስንት ወጥ ሠሪ አደረግህ?" አሉኝ።

"አሥራ ሁለት።"

"ጥሩ" አሉ። "አትጨምር።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሳንባቸው ነው አሉ፤ የመጋዘኑ ሻጋታ ነው የሚልም አለ። ሁለቴ ልጠይቃቸው ተነስቼ ሁለቴም ከመንገድ ተመለስኩ። ምን ፊት ይዤ?

ቀብሩ ሸዋ ቤንች ነበር። ዳይሬክተሩ ግማሽ ገጹን አንብቦ ሲያበቃ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች፤ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጭኗ ላይ ነው። አስቴር ነበረች። በሚቀጥለው ክረምት ተመዝግባ ጨርሳለች፣ ተዛውራም እዚያው ሸዋ ቤንች ታስተምራለች። ታስታውሰኝ ነበር።

"ጎደሬ ሰጥተውኝ ነበር" አለችኝ በለሆሳስ። "ያን ቀን ያበላሹት እሳቸው ናቸው ሲባል በጣም አዝኜባቸው ነበር። በኋላ ሰሌዳው ላይ ጥፋታቸውን አምነዋል የሚለውን ሳነብ ግን ሆዴ ራራ። ጥፋቱን የሚያምን ሰው የት ይገኛል? ይቅር ብያቸዋለሁ። እሱን ልላቸው ነው የመጣሁት።"

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ ያየኛል።

"ነፍስ ይማር" አልኳት።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ማልኩ። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ ተነስቼ እናገራለሁ አልኩ። ምን እንደምል ቃል በቃል አጠናሁት። ሰኞ ዳይሬክተሩ ስብሰባውን የከፈተው ስለ ጋሽ አድማሱ በመናገር ነው። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል በስማቸው ይሰየም፣ በሩ ላይ ፎቶግራፋቸው ይሰቀል አለ። ራሱ ያባረራቸው ክፍል! "የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" አለ።

ልነሳ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ሁሉም እጅ ወጥቶ ነበር። ዳይሬክተሩ የኔን እየጠበቀ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እጄ ወጣች።

"ጻፍ" አለኝ።

ብዕሬ ከልማዱ "በአንድ" ብሎ ጀመረ። ቀና ብዬ አዳራሹን አየሁ። የሚቃወም አልነበረም። ሰረዝኩትና "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።